በአየር የቆመችው መኪና

ሚስት የሚጠይቅ ሰው የራሱን ሽማግሌዎች እየነዳ አይሄድም። አውቃለሁ! ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። ግን የአለቃዬን መኪና ለሌላ ሰው ሰጥቼ ላስነዳ? ሞቼ ነው ቆሜ?

አለቃዬ ካዛንቺስ ቢሮ ያለው አስመጪ ነው፤ እኔ ባይሳ ደግሞ ሹፌሩ ነኝ። ያን ሰሞን፣ በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ እሱ ዱባይ ነበር። መኪናዋ ባሌስትራ የላት፣ ሱስታ የላት፣ በአየር ነው የምትቆመው። አንዱን ቁልፍ ስትጫናት እስስስ ብላ ሽቅብ ትነሳለች፤ ሌላውን ስትጫን ዝቅ ብላ ታሳፍርሃለች። አለቃዬ ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ አስነክቶኝ አያውቅም። "ከፍ አድርጋት፣ ሰው ይየን" ነው ሁልጊዜ። ከኋላ በቀኝ በኩል ያለው የአየር ከረጢት መተንፈስ ከጀመረ ወር አልፎታል። ሞተር ሲጠፋ ቀስ እያለች እንደምትወርድ ነግሬዋለሁ። "ታዲያ አታጥፋዋ!" አለኝ። ይሄ መልስ ነው?

ከራሕዋ ጋር ከተዋደድን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ አባቷ አቶ አጽብሃ ግን መልኬን አይተውት አያውቁም። ሽማግሌ ልላክ ስል አጎቴ ጋሽ ነጋሳ፣ "በታክሲ ተጋፍተን ሄደን ማን ልጅ ይሰጠናል?" አሉ። እኔ ቂሉ "መኪና አለ" አልኩ። እሁድ ጠዋት ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩና፣ ሹፌር መስዬ፣ ማለቴ ሹፌር ነኝ፣ በቃ ባይሳን አለመምሰል ነው፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች ጭኜ ቂርቆስ ገባሁ።

የአቶ አጽብሃ ግቢ አንድ መኪና ብቻ ይይዛል፤ እሱም መሃሉ ላይ የተቀበረ ጥቁር ድንጋይ ግንባሩን አውጥቶ ነው። መኪናዋን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ድንጋዩን በሆዷ ሥር አሳለፍኩና እላዩ ላይ አቆምኳት። ሞተሩንም አጠፋሁ። ሽምግልና ላይ ሞተር ይንጫጫል እንዴ?

ከዚያ መስኮቱ ሥር ጆሮዬን ተክዬ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ፣ ተለመኑ፣ ተናገሩ፣ ተቀመጡ። አቶ አጽብሃ "ልጃችሁ ባይሳ ምን ይሠራል?" ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ነጋሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ደጅ የቆመችውን አላዩም? የልጃችን ናት።"

ወይ አጎቴ! "ሹፌር ነው በሉ" ብዬ እኮ ነው የላክኋቸው! ራሕዋ በጓዳው መስኮት አንገቷን አውጥታ አፈጠጠችብኝ። ምን ልበላት? እጄን ዘረጋሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ዘር ተቆጠረ፣ አገር ተጠየቀ። በመጨረሻ አቶ አጽብሃ ሁሉም አባት የሚለውን አሉ፤ "ከቤተሰብ ልማከር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ።" ተያይዘው ሲወጡ እኔም ዞር አልኩ። መኪናዋ ድንጋዩን እንቁላል እንደ ታቀፈች ዶሮ ታቅፋው ተቀምጣለች!

ሞተር አስነሳሁ። ቁልፉን ተጫንኩ። አንዴ አቃሰተችና ዝም አለች። ሆዷ ከተቀደደ ሥራዬን ተሰናበትኩ ማለት ነው፤ ሥራ ከሌለኝ ደግሞ የምን ራሕዋ?

አቶ አጽብሃ ለካ ሃያ ሰባት ዓመት አሰብ መንገድ ላይ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። "ያለ ጭነት የምትንበረከክ መኪና ዛሬ ገና አየሁ!" አሉና ኮታቸውን አውልቀው፣ መኪና ማንሻ ክሪክ አምጥተው፣ መሬት ላይ ተዘረሩ። እኔም ከጎናቸው ገባሁ። እሺታ ያልሰማ ሽማግሌ በሰው ቤት እህል ውሃ አይቀምስምና፣ የባለቤታቸው የእትዬ ፀሐይቱ ወጥ እየሸተታቸው ሦስቱም ፀሐይ ላይ ተገትረው ቀሩ።

"ስማ አንተ ልጅ፣" አሉኝ አቶ አጽብሃ ክሪኩን እያዞሩ፣ "ሹፌር የጌታውን ጉድ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። እውነቱን ንገረኝ፤ ይጠጣል?"

"ኧረ አይጠጣም ጋሼ።"

"ሴትስ?"

"ከልጅዎ በቀር ቀና ብሎ አያይም።"

"ጸባዩስ?"

"በጣም ጥሩ ልጅ ነው። እግዜር ያውቃል፣ ጨዋ ነው።" ደስ እያለኝ መጣ እኮ! እንዲህ አመስግኖኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

"ይቺ ነገር እንደምትተነፍስ ነግረኸዋል?"

"ነግሬዋለሁ።"

"ምን አለህ?"

"አታጥፋዋ አለኝ" አልኩ ሳላስበው።

ክሪኩ ቆመ። "ሹፌሩ እየነገረው የማይሰማ ሰው ሚስቱን ይሰማል? ልጄን ለዚህ አልሰጥም። በቃ።"

ራሴን እያመሰገንኩ ገደል ገባሁ! ዝም ብል ራሕዋን አጣሁ፤ ብናገር ውሸታም ነኝ።

"ጋሼ... እሱ አለቃዬ ነው። ባይሳ እኔ ነኝ። መኪናዋ የሰው ናት።"

ዓይናቸውን ከመኪናዋ ሆድ አልነቀሉም።

"እና አጠገቤ ተኝተህ ራስህን ስታመሰግን ነበር?"

"አዎ። ግን አልጠጣም፤ እሱ እውነት ነው።"

"ክሪኩን አዙር" አሉኝ።

አዞርኩ። መኪናዋ ቀና አለች፤ ሆዷ ከመጫር በቀር ምንም አልሆነም። አቶ አጽብሃ እየዳሁ ወጡ፣ ጀርባቸው አፈር በአፈር ሆኖ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ።

"ምክሬን ጨርሻለሁ። ልጄን ለባለመኪናው አልሰጥም።"

የጓዳው መስኮት ተንኳኳ፤ ራሕዋ ናት መሰለኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አለቀልኝ አልኩ። ጋሽ ነጋሳ ወደ እኔ ዞሩ። እኔን አዩኝ፣ አፈሬን አዩት፣ ደግሞ አቶ አጽብሃን አዩ። እንግዲህ የሽማግሌ ነገር፣ እንዲሁ እጅ አይሰጡም።

"ለሹፌሩስ?" አሉ።

አቶ አጽብሃ ኮታቸውን አራግፈው ለበሱ።

"ሹፌሩማ ገና ሽማግሌ አልላከም።"