የእማዬ ጣውላና የእኔ ሎጎ

...አሁንማ አይመለስም፣ እንጨት ቀራጩ መሮውን አንስቷል፣ ኧረ መልሶ አስቀመጠው፣ ተመስገን፣ ምኑ ተመስገን፣ ምን እንደምፈልግ እኔም አላውቅ። እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ በሩ ጋ ቆማለች። አልገባችም። እማዬ ሃያ ስምንት ዓመት ጨርቅ የቆረጠችበትን ጣውላ ስታስቀርጪ ዝም ብዬ አላይም ብላኝ ነው አብራኝ የመጣችው።

እንጨት መግዛት አቅቶኝ አይደለም እኮ። ሰኞ የራሴን ስፌት ቤት ልከፍት ነው፣ ዕድሜ ልኬን የሰው ስም የሚለጠፍበት ልብስ ስሰፋ ኖሬ፣ ከበሩ በላይ የሚሰቀለው ምልክቴ እማዬ በተደገፈችው እንጨት ላይ ቢሆን ብዬ ነው፣ ይኼ ነውር ነው? የመቁረጫ ጠረጴዛዋን እግር ምስጥ ጨርሶታል፣ የተረፈው ላዩ ብቻ ነው። አንድ ጣውላ። ቢሰነጠቅስ? ቢሰነጠቅ እትዬ እስክሞት አታናግረኝም።

ሎጎዬን፣ ያንን ምልክት፣ በልኩ ስስ ወረቀት ላይ ነድፌ ሰጥቼዋለሁ፣ አንዲት መርፌ፣ ከመርፌዋ የሚወጣ ክር፣ ክሩ ሽቅብ ጎበጥ ይልና ዘንበል ብሎ ይወርዳል፣ በቃ፣ ከራሴ ያወጣሁት ነው። ቀራጩ ግን ወረቀቱን ትቶ ጣውላውን ይዳብሳል። ዓይኑን ጨፍኖ። ልጄ፣ ይኼን በመላጊያ ልላገው ወይስ ልተወው ይለኛል፣ ምኑን ጋሼ፣ ይኼን፣ እጅሽን አምጪ፣ አመጣሁ፣ ጣቴ ስር ነጠብጣብ፣ ጥቃቅን፣ ስፍር ቁጥር የሌለው...

ጥርሳሟ ጎማ! እማዬ ንድፉን እየወጋች ከወረቀት ወደ ጨርቅ የምታሳልፍባት ትንሽዬ መንኮራኩር፣ እጀታዋ በክር የተጠቀለለ፣ ጭርርር እያለች ስትሄድ እንጨቱንም ትወጋው ነበር ለካ። እኔ ነቀዝ የበላው ይመስለኝ ነበር።

ቀራጩ ጠመኔ ፍቆ፣ ዱቄቱን በትኖ፣ እፍ። ነጠብጣቦቹ ነጭ ሆነው ወጡ። የአንገት መስመር፣ የጎን መስመር፣ ከሁሉ የበዛው ግን አንድ ጉብታ ነው፣ ደጋግማ ደጋግማ፣ የእጅጌ ትከሻ፣ ለሰፈሩ ሴት ሁሉ የሰፋችው እጅጌ። ቀራጩ ወረቀቴን ጣውላው ላይ አስቀምጦ ትንሽ ዞር፣ ትንሽ ደግሞ ዞር አደረገው።

የሎጎዬ ክር የእጅጌዋ መስመር ላይ ገጠመ።

ልክክ። ከራሴ አወጣሁት ያልኩት! ማን አስተማረኝ፣ ቁጭ ብዬ ያየሁበት ቀን እንኳ ትዝ አይለኝም፣ የእሷ እጅ በእኔ ክንድ አልፎ ወረቀት ላይ ሲወርድ እኔ ዲዛይን ሠራሁ ብዬ ስኩራራ፣ ወይ ጉድ፣ ከዚሁ ገልብጠሽው ነው እንዴ ይለኛል ቀራጩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው።

ኮቴ። እትዬ አጠገቤ ናት። ጣቷ ነጠብጣቡን ይከተላል፣ ቀስ ብሎ፣ ከትከሻው ወደ ብብት። ይቺን እጅጌ እኮ እማዬ መጀመሪያ ለእኔ ነው ያወጣቻት ትላለች፣ የግራ ትከሻዬ ስለሚወርድ፣ እንድትሸፍንልኝ፣ ኋላ ለሁሉም እንደዚሁ መስፋት ጀመረች፣ ለምን ስላት፣ አንቺ ብቻ እንዳትለዪ አለችኝ።

ይኼን ሁሉ ዓመት እትዬ አልነገረችኝም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ፣ በዓመት በዓሉ፣ በሠርጉ፣ በለቅሶው፣ የእህቴን ትከሻ ለብሳ ስትዞር ኖራለች፣ አንድም ሰው አላወቀ።

ጋሼ እንዳይልጉት እላለሁ፣ አልልገውም ይላል፣ ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?

እትዬ የጣውላውን ጫፍ በሁለት እጇ ተጭና ያዘች፣ ያዢ እንጂ በዚያ በኩል ትለኛለች፣ እይዛለሁ፣ መሮው የእጅጌዋን መስመር ተከትሎ ይወርዳል፣ ቀጭን ፍቅፋቂ ተጠቅልላ ትወጣለች፣ ውስጡ ቀይ ነው፣ እርጥብ የሚመስል ቀይ፣ ሽታው ዛሬ ጠዋት የተቆረጠ ያህል ትኩስ...