ሶስና በሁዳዴ አልታመመችም

4.

ልጄ ሶስና አፏን ከፈተች። አክስቴ እትዬ ምንትዋብ አጎረሷት።

(ከአራት የጀመርኩት ቁጥር ጠፍቶኝ አይደለም። ይቺ ጉርሻ አላስቀድም ብላኝ ነው። ቆዩ፣ እመለስበታለሁ።)

1.

ሶስና ሰባት ዓመቷ ነው። ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ አይስማማትም። አይስማማትም ስል ሆዷን ይቆርጣታል ማለቴ አይደለም። ጉሮሮዋ ይዘጋል። ሐኪሟ አለርጂ ነው ብሎ መርፌ ሰጠኝ፣ አወጋጉንም አሳየኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

ጎረቤት ደግሞ አሞላቀቀቻት ይላል። ይበል።

2.

ሰው ሁሉ ጾሙ መቼ በተፈታ ሲል እኔ ምነው ባይፈታ እላለሁ። በሁዳዴ ሰፈሩ በሙሉ በዘይት ይሠራል። ልጄ ከልጆቹ ጋር የትም ቤት ገብታ ትበላለች። እኔም እንደ ሰው እንቅልፍ ይወስደኛል።

3.

እትዬ ምንትዋብን ክፉ አድርጋችሁ እንዳታነቡብኝ። እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ሁዳዴን ሙሉ ሶስናን በየማለዳው ጸበል ይዘዋት ሄዱ። አጥማቂው አባት ራሳቸው መድኃኒቷን እንዳትተዉ ብለዋቸው ነበር።

ጾሙ አለቀ። ሶስና አንድም ቀን አልታመመችም። እትዬ ምንትዋብም ድናለች አሉ።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ቅቤ በማይበላበት ወር ምን ያሳምማት?

ይህንኑ ነገርኳቸው። እሺ አሉኝ። እሳቸው ሰው እንዳይከፋው እሺ ይላሉ።

4. (እንደገና)

የፋሲካ ምሳ፣ እትዬ ምንትዋብ ቤት። እኔ ሳሎን እንኳን አደረሳችሁ እያልኩ እንግዳ እስማለሁ። ከጓዳ እልልታ ሰማሁ። ስገባ እትዬ ምንትዋብ ጣታቸው ላይ የዶሮው ወጥ ቅቤ እንደወረደ በደስታ ያለቅሳሉ። ሶስና እያኘከች ትስቅልኛለች።

«እማዬ፣ ድኛለሁ» አለችኝ።

5.

መመሪያ፣ ከልጄ ጋር ለሚውል ሁሉ።

ከንፈሯ ሲያብጥ አትጠብቅ። ቡዳ ነው፣ ጤና አዳም አምጡ የሚል ሰው አይጠፋም፤ አትስማው። መርፌውን ጭኗ ላይ ውጋ። መርፌው ለጊዜው ነው የሚያቆያት፤ ታክሲ ጥራና ሆስፒታል ውሰዳት።

ሁሉንም አደረግኩ።

ሁሉንም።

6.

ታክሲው ውስጥ አቅፌያታለሁ። እትዬ ምንትዋብ አጠገባችን ተቀምጠው ደረታቸውን ይደቃሉ። ምላሷ አብጦ ቃሉ አልወጣ ብሏታል። ጆሮዬን አፏ ላይ ለጠፍኩ።

«እማዬ... ሌላው ሰው ይድናል። እኔ ምን አጥፍቼ ነው?»

ልመልስላት ስል ታክሲው ቆመ። ነርሶቹ ከእጄ ነጥቀዋት ገቡ።

7.

ከድንገተኛ ክፍሉ በር ውጭ ተቀምጫለሁ። ይህንን የምጽፈው እጄ ሌላ ነገር እንዳይሠራ ነው። እትዬ ምንትዋብ አጠገቤ ናቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰውታል። ልጅቷ ያለችውን ሰምተዋል።

«ምን ብለሽ ልትመልሽላት ነው?» አሉኝ።

አንቺ አላጠፋሽም ካልኳት፣ ማን አጠፋ ትለኛለች። ልጄን አውቃታለሁ። ጠያቂ ናት።

አንድ ሐኪም በሩን ከፍቶ ወጣ። የሶስና እናት ማናት፣ ልጅቷ እየጠራቻት ነው አለ። ተነሳሁ። እትዬ ምንትዋብ ቀሚሴን ያዙኝ።

8.

ሶስናዬ፣ ያጠፋው...