ቀይ ሰም የተቀባው ሳሎን

ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ቤት መሸጥ ሲፈቀድ፣ ሐዋሳ ትልቁ መናፈሻ አጠገብ ያለውን የማኅበር ቤታችንን ለመሸጥ ተነሣን። ባሌ ደምሴ ወደ ጎባ ተዛውሮ ስለነበር ጣጣው ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። ገዢ እንኳ ሞልቶ ነበር፤ ቤቱ ታድሷል፣ በረንዳው ላይ ሲቆሙ የመናፈሻው ዋርካ ይታያል። እኔ ግን ላገኘሁት ሰው መሸጥ አልችልም ነበር።

ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተደብቀን የምንጸልየው እዚህ ነበር። ደምሴ "ዕድሳት ነው" እያለ በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል ያለውን ግድግዳ ያፈረሰውም ለዚሁ ነው። ቤቱ ለባዳ ከሄደ ሠላሳ ሰው የሚንበረከክበት ያጣል። ስለዚህ አብራን የምትጸልየው ካሰች እንድትገዛው ተስማማን። ገዢውን የሚያጸድቁት ደግሞ የቤት ሠሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ገብረጻድቅ ናቸው። ባለቤታቸው ፍቅርተማርያም ከእኛው ጋር ትጸልያለች፤ እሳቸው ረቡዕ ረቡዕ ገበያ የምትሄድ ይመስላቸዋል።

ካሰችን ደጋግሜ አስጠንቅቄያታለሁ። "አንተዋወቅም፤ ዛሬ ገና መተያየታችን ነው።"

አቶ ገብረጻድቅ በቀጠሮው ሰዓት መጡ፤ ካሰችም እንደ ማንኛውም ገዢ ተከትላ ገባች። ሜትራቸውን ዘርግተው ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ለኩ።

"ይህን ያህል ሳሎን ምን ያደርግላችኋል?"

"ዘመድ ይበዛብናል" አልኩ። ቶሎ ብዬ ሻይ አቀረብኩ።

ካሰች ብርጭቆዋን ተቀበለች፤ አንገቷን ደፋች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኛ ዘንድ ውሃ እንኳ ሳይጸለይበት አይጠጣም፤ ሰው ሳያስበው የሚያደርገው ልማድ ነው። ያቺን የተባረከች ሴት በዚያች ደቂቃ ብቆነጥጣት ደስ ባለኝ!

አቶ ገብረጻድቅ ብርጭቆአቸውን ከአፋቸው መለሱት። "ታቢታ፣ ይህችን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?"

"ኧረ በፍጹም" አልኩ። "ራሷን አሟት ይሆናል።"

ካሰች ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። አፈርኩ።

እሳቸው ግን አሁን ወለሉን ያዩ ጀመር። ሲሚንቶው ቀይ ሰም የተቀባ ነው፤ ሰሙ ጥንድ ጥንድ እየሆነ በረድፍ በረድፍ ሳስቷል። የጉልበት ቦታ! በየሳምንቱ ስወለውለው ኖሬ አንድ ቀን ልብ አላልኩትም። ጎንበስ ብለው አንዱን ቦታ በጣታቸው አሹት። ጣታቸው ቀላ። ያንን ጣት ወደ ዓይናቸው አቅርበው አዩት። እኔ በራችን ሲታሸግ፣ ሁላችንም ስንታሰር ታየኝ።

"ረቡዕ ረቡዕ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

ሁለተኛ መዋሸት አቃተኝ። "አዎ፣ ጋሼ። ካሰችንም አውቃታለሁ። እህታችን ናት።"

ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። "ሁለት ዓመት ሙሉ የፍቅርተማርያም ቀሚስ ጉልበቱ ላይ ይህ ቀለም አለ። የገበያ አፈር ነው ትለኛለች። የገበያው አፈር ጥቁር ነው፤ እኔ ዕውር አይደለሁም። ሌላ ወንድ መስሎኝ..." አልጨረሱትም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እሳቸው ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና የሽያጩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ፈረሙ፤ ግድግዳው የፈረሰው በማኅበሩ ፈቃድ ነው ብለውም ጻፉበት። ከዚያ የቀዘቀዘውን ሻይ እስከ ጭላጩ ጠጡት።

በሩ ላይ ደርሰው ወደ ካሰች ዞሩ። "ሰሙን ቀለም በሌለው ቀይሪው። እኔ ያየሁትን ቀበሌም ያየዋል።"

"እሺ፣ ጋሼ።"

"ለፍቅርተማርያም ደግሞ እንዳወቅኩ አትንገሯት" አሉ። "ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ።"