አርባ አንድ ደጋፊ

ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሰው ሳንባው ዕድሜውን አይጠብቅለትም። የሰፈሩ ማሽን ጠጋኝ የሆነችው ልጅ አባትም ሠላሳ ዓመት የማገው አቧራ ደረቱ ላይ ተጋግሮ፣ አሁን ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። እንደሱ ያሉ አሥራ አራት ፈላጮች በሰፈሩ አሉ። ኦክስጅን የሚያመርቱት ማሽኖች ዘጠኝ ናቸው፤ የሚሠሩት ግን አራት ብቻ። አምስቱ ሆዳቸው ተከፍቶ በልጅቱ ወርክሾፕ ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። አየሩን የሚያጣሩት ነጫጭ ጠጠሮች በእርጥበት ተበላሽተዋል፤ ያለነሱ ማሽኑ ከመጮህ በቀር የሚፈይደው የለም። ስለዚህ ሰዉ በተራ ይተነፍሳል። አዎ፣ በተራ! ማን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚተነፍስ ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው እሷ ናት። እንዲህ ያለውን ሥልጣን ለጠላትም አይስጥ።

ለጠጠሮቹ መግዣ ብትጠይቅ የጤና ቢሮው "ይታያል" አላት። በጎ አድራጊዎቹ "በጀት ተዘግቷል" አሏት። ወሽመጧ በተቆረጠ ሰሞን ነው እንግዲህ፣ ማተሚያ ቤት የምትሠራው የአክስቷ ልጅ፣ በፍጥነቷ መብረቅ የሚሏት፣ ዳኦ የሚባል ነገር ይዛ የመጣችው።

"ማኅበር ነው፤ አባላቱ በየአገሩ ተበትነዋል። አለቃ የለው፣ ቢሮ የለው። ካዝናውን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው" አለች መብረቅ። "ማመልከቻሽን መድረካቸው ላይ ትለጥፊያለሽ፣ ይጠይቁሻል፣ ትመልሻለሽ። ከዚያ ብዙ ሰው የደገፈው ሥራ ከካዝናው ብዙ ይደርሰዋል። አንድ ሀብታም ዳጎስ አድርጎ ከሚሰጥሽ፣ አርባ ሰው ሳንቲም ሳንቲም ቢሰጥሽ ይሻላል።"

"ላም አለኝ በሰማይ በይኛ!" አለ አባቷ ከአልጋው። ተረቱን ለመጨረስ ትንፋሽ አጠረው።

እሷ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ጻፈች። በመጀመሪያው ወር ይህን፣ በሁለተኛው ያንን እያለች ሥራዋን በየደረጃው ከፋፈለች፤ የማሽኖቹን ሆድ ዕቃ ፎቶ አነሣች፤ የጠጠሮቹን ዋጋ አያያዘች። ጉጉት ሰባ ሰባት በሚል ስም የሚጽፍ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው፣ "ለምን አዲስ አትገዙም?" ብሎ ጠየቃት። ኧረ ባክህ! አንጀቷን የሚያርስ ስድብ ጽፋ አጠፋችና በጨዋ ደንብ አስረዳችው። "አሳምነሽኛል" ብሎ ደገፋት። ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ድጋፍ የሚሰጠው እስከ ዓርብ ነበር። እስከ ረቡዕ የደገፏት አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። ሐሙስ ጠዋት አንዱ ማሽን ቱቦው ተሰንጥቆ ቱቦ ፍለጋ ወጣች። ከሰዓት ስትመለስ የወርክሾፑ በር ላይ ሰልፍ ጠበቃት። ግንበኛው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጡረተኛው መምህር፣ ከነቤተሰባቸው ቆመዋል። አባቷ ጠረጴዛዋ ላይ ተሰይሞ፣ እሱን ስታስመዘግበው እንዳየው አድርጎ፣ በወርክሾፑ ስልክ አንድ በአንድ ይመዘግባቸዋል። መዋጮውን በእጁ ተቀብሎ፣ መብረቅ ስልኩ ላይ ከከፈተችለት የገንዘብ ቦርሳ በየስማቸው ይልክላቸዋል።

"አርባ አንድ አስገባሁልሽ!" አላት። "ድሮም አቤቱታ የሚፈረመው እንዲህ ነው፤ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!"

ከንፈሩ ጠቁሯል። ለካ ይህን ለመሥራት የዕለቱን ተራውን ለጎረቤቱ ለቆ ኖሯል። ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ ግን ደስታው ፊቱ ላይ ሲንተከተክ አይታ ጨክና መቆጣት አልቻለችም። አቅፋ ግንባሩን ሳመችው።

ሰኞ መልሱ መጣ። መብረቅ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አነበበችላት። አርባ አንዱ ደጋፊዎች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ስልክ ተመዝግበዋል፤ ገንዘባቸውም ከአንድ ቦርሳ ወጥቷል። አንድ ሰው አርባ አንድ ሰው መስሎ እንዳጭበረበረ ተቆጥሯል። ማመልከቻው ተሰርዟል፤ አመልካቿም ለሁለት ዓመት እንዳታመለክት ታግዳለች።

"ለማን አቤት ይባላል?"

"ለማንም። ፕሮግራሙ ነው የወሰነው።" መብረቅ እንባዋ መጣ። "በየራሳችሁ ስልክ ተመዝገቡ የሚል መመሪያ ነበረው። አንብቤዋለሁ። ለጋሼ መንገር እንዴት ሳይታሰበኝ ቀረ!"

ጠጋኟ እልህ ያዛት። ጎረቤቶቿን ሁሉ በር ላይ አቁማ ፎቶ አነሣችና "እነዚህ ናቸው፣ በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው" ብላ መድረኩ ላይ ለጠፈች። ከሺዎቹ አባላት የመለሰላት አንድ ብቻ ነው፤ ጉጉት ሰባ ሰባት። "እንዲህ ያለ ፎቶ ዛሬ ማንም በኮምፒውተር ይሠራዋል። አምኜሽ ነበር፤ አፈርኩብሽ" ይላል። እሷ ናት እንግዲህ ያፈረችው፣ ምንም ሳትበድል፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ቤት ስትገባ አባቷ ትራስ ተደግፎ ይጠብቃታል።

"እህስ? አነስን እንዴ?"

እውነቱን ብትነግረው ምን ሊሆን? አንተው ነህ ያበላሸኸው ሊባል? ሆድ ይፍጀው አለች።

"አልበቃም አባዬ። ሌሎች በለጡን።"

"ታዲያ ለዚህ ነው እንዲህ ፊትሽ የጠቆረው?" ትንፋሹን ሰበሰበ። "በሚቀጥለው የላይኛውን ሰፈርም እጠራለሁ። መቶ ባላደርግልሽ! ወረቀት አምጪ፣ ሳልረሳቸው ጻፊ።"

አባቷ ሁለት ዓመት እንደማይቆይ ሐኪሙ ነግሯታል። ወረቀት አመጣች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከላይኛው ሰፈር ጫፍ ጀመረ፤ አናጺውን፣ የአናጺውን ሚስት፣ ሁለቱን ሹፌሮች። በየስሙ መሀል እያረፈ፣ እያሳለ ይጠራል። ይብቃህ፣ ትንፋሽህን ቆጥብ ልትለው ብዙ ጊዜ ቃጣት። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ደርሶ "ጻፍሽው?" አላት።

"ጽፌዋለሁ አባዬ። ቀጥል።"