ይርገዱና የእናቷ ባል

ይርገዱ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ደባርቅ የሚኖር ስማቸው የሚባል ሰው አገባችና ከዳባት ጠቅልለው ወደ ቤቱ ገቡ። ስማቸው ሳንቃ በር በሚባለው ቦታ የዱር አራዊት ፓርክ የሚጠብቅ ስካውት ነው፤ ከሟች ሚስቱ የወለዳት ሊድያ የምትባል ትንሽ ልጅም አለችው። ይርገዱ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ሰውዬው መጣ፣ ሰውዬው ሄደ» ትላለች፤ እናቷ ብትቆጣትም አልሰማ አለች።

ከክፍል መቅረት ስታበዛ ትምህርት ቤቱ ወላጅ አምጪ አላት። እናቷ ዳባት ለቅሶ ሄዳ ስለነበር ለማንም አልተናገረችም። እዚያው የምትማረው ሊድያ ግን ሰምታ ኖሮ ለአባቷ ነገረችው፤ በማግስቱ ስማቸው ከነካፖርቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተገኘ።

«አባቷ ነዎት?» አሉት ርዕሰ መምህሩ።

«አባቴ አይደለም» አለች ይርገዱ ቀድማ።

«እውነቷን ነው» አለ ስማቸው። «የምትኖረው ግን እኔ ቤት ነው፤ ስታጠፋ እኔን ይጠይቁኝ።»

ከቢሮው ሲወጡ ቁጣውን ጠበቀች። ጎን ለጎን እስከ ገበያው ሄዱ።

«አባት አለሽ፤ አባቴ በይኝ አልልም» አላት በመጨረሻ። «ሰውዬው የሚለውን ግን ተይው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እሱን አንቺ እወቂው።»

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራው ሊመለስ ሲወጣ ዣንጥላውን ረሳ። ይርገዱ ዣንጥላውን ይዛ ደጅ ወጣችና «ጋሼ!» ብላ ጠራችው።

ሊድያ ሳቀች። «አባባ ነው እኮ!»

«ላንቺ ነዋ» አለቻት ይርገዱ።

ስማቸው ዣንጥላውን ተቀብሎ መንገዱን ቀጠለ። ሰኞ ይርገዱ ክፍል ገባች። ማክሰኞ እንደገና ቀረች፤ ወላጅ አምጪ ስትባል «ጋሼን ልጥራ?» አለች።