ያልነበረው ሽንኩርት

ጋሽ ቀለምና እቴጌ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ይህን የምታምነው ግን እናታቸው ብቻ ናት። ኮሌጁ ውስጥ ዓይንና ናጫ ናቸው። ታላቅየዋ ለጀማሪዎች ባዮሎጂ ታስተምራለች። «እቴጌ» ያሏት ተማሪዎቿ ናቸው፤ እሷ ስትገባ ዝንብ እንኳ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚበረው። ታናሽየው ለጀማሪዎች የሥነ ጥበብ ታሪክ ያስተምራል። ሸሚዙ ላይ የቀለም ጠብታ ጠፍቶ ስለማያውቅ «ጋሽ ቀለም» እንደተባለ ቀረ።

ኮሌጁ ሌላ ክፍል የጠፋ ይመስል ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አጎራቸው። ጠዋት የእሷ፣ ከሰዓት የእሱ። እሷ ብርሃን ትፈልጋለች፣ እሱ ጨለማ። መጋረጃ ቢሰቅል «ቆሽሿል፣ ይታጠብ» ብላ ወሰደችው፤ ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ያ መጋረጃ እስካሁን እየታጠበ ነው። ሰሌዳው ላይ የእንቁራሪት አንጀት ትስልና ጥጉ ላይ «እንዳይጠፋ!» ጽፋ ትወጣለች። እሱም የጥንት ንግሥታትን ሥዕል በስላይድ ማሳያ መሣሪያ እዚያው አንጀት ላይ እያበራ ያስተምራል።

በዚያ መንፈቅ የጋሽ ቀለም ተማሪዎች ተመናምነው ዘጠኝ ቀሩ። ዲኑ ሁለቱንም ቢሮው ጠርቶ፣ ከሃያ አምስት በታች ከሆኑ ትምህርቱን እንደሚዘጋው ተናገረ። ከተዘጋ ደግሞ ጋሽ ቀለም ሌላ የሚያስተምረው ነገር የለውም፤ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ነው።

«የእኔ ተማሪዎች ማየት ነው የሚማሩት» አለ።

«ማየትማ ላምም ታያለች» አለች እቴጌ። «ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ለመዋል ኮሌጅ ምን ያደርጋል?»

«እትዬ፣ ያንቺዎቹ መጽሐፋቸውን እንጂ ሌላ ምን አይተው ያውቃሉ? ዓይናቸው ቢወልቅ እንኳ ልብ አይሉትም።»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ!»

«እንዴ! ቢሮዬ ውስጥ?» አለ ዲኑ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ሐሙስ የሁለታችሁም ተማሪዎች በአንድ ማይክሮስኮፕ አይተው ያዩትን ይሳሉ። ያንተ ዘጠኝ በማየት ከእሷ አርባ ካላነሱ አንድ መንፈቅ ጨምሬልሃለሁ። ካነሱ ቁልፍህን ታስረክባለህ።»

ሐሙስ ጠዋት እቴጌ ከሽንኩርት ላይ ስሷን ልጣጭ ገፍፋ፣ አዮዲን ጠብ አድርጋ፣ በሁለት መስታወት መሃል አስተኝታ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠችና ዲኑን ልትጠራ ወጣች። ክፍሉ ሁለት ቁልፍ እንዳለው በንዴቷ ብዛት ረስታዋለች። ጋሽ ቀለም እንደ ድመት ገባ። ሽንኩርቱን አንስቶ ጠርሙስ ሥር ሸጎጠው። በቦታው ባዶ መስታወት አደረገና አንድ ጠብታ ውሃ፣ ውሃው ውስጥም አንዲት የአየር አረፋ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ወጥቶ እያፏጨ ቆመ።

እቴጌ ተማሪዎቹን አሰልፋ «የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ያያችሁትን ብቻ!» አለች። አንድ ሰው፣ አንድ ደቂቃ። አርባዎቹ አጎንብሰው፣ አንዳንዱም ተሳስቶ ሁለቱንም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተራ በተራ አዩ። ዘጠኙም ተከተሉ።

ዲኑ ወረቀቶቹን ገለጠ። የእቴጌ ልጆች እንደ ጡብ የተደረደሩ ሴሎች ስለዋል፤ እያንዳንዱ ሴል መሃል ላይ ምስር የምታህል ነጥብ አለች። አርባ ሰው፣ አርባ ሽንኩርት። አንዱማ መጽሐፉን በቃሉ ከመሸምደዱ የተነሳ ከሥሩ «ምስል 2.4» ብሎ ጽፎበታል። ከጋሽ ቀለም ዘጠኝ ስምንቱ ጠርዙ የጠቆረ አንድ ባዶ ክብ ስለዋል። ዘጠነኛው የሣለው ጥቁር ሣር ነው፤ የራሱ ሽፋሽፍት ነበር።

«ይኼ ምን ጉድ ነው?» አለ ዲኑ።

እቴጌ ገፍታው አጎነበሰች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ደም የለም።

«አረፋ» አለች። «ማነው እጁን ያስገባ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ሽንኩርትሽ ጠርሙሱ ሥር አለልሽ።»

«ሌባ! ከልጅነትህ ጀምሮ ሌባ!»

«ልክ ነሽ፣ ሌባ ነኝ። እነዚህ አርባዎቹስ የሌለ ሽንኩርት ከየት ሰርቀው አመጡ?»

እቴጌ ተማሪዎቿን ከፊት እስከ ኋላ አየቻቸው። ቀይ እስክሪብቶዋን መዘዘችና ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አርባ ጊዜ። «ምስል 2.4» ያለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱ ተቀደደ።

«ሃያ አምስት አይደል የፈለግከው ቁጥር?» አለች ለዲኑ። «እነዚህን አርባ ጨምርበት። ማየት ሳይማሩ እኔ ዘንድ አይመለሱም።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ዓይን አለኝ ካልክ ስጣቸው። ካልሰጠሃቸው አንተንም ሥዕልህንም በአካፋ ዝቄ ነው የማወጣችሁ።»

ትምህርቱ ዳነ። ሰኞ ከሰዓት ጋሽ ቀለም ሲገባ አርባ ዜሮ የተሸከሙ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁት። ሰላምታውን የመለሰ የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማረባትን ሥዕል አበራ፤ ወንበር ላይ የተቀመጠች ወይዘሮ፣ እግሯ ሥር ውሻ።

«ምን ታያላችሁ?»

ባለ «ምስል 2.4» ተነሳ።

«እርስዎ መጀመሪያ ምን እንደቀየሩ ይንገሩን።»

«ምንም አልነካሁም።»

«ሐሙስም እያፏጩ ነበር» አለች አንዷ ከኋላ።

ልጁ ማንንም ሳያስፈቅድ ስላይዱን ከመሣሪያው አወጣና መስኮቱ ብርሃን ላይ ይዞ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ጓደኞቹ ከበቡት። ወንጀለኛ የሚፈትሽ ፖሊስ እንኳ እንዲያ አያፈጥም። ወይዘሮዋን፣ ወንበሩን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ውሻው» አለ ልጁ በመጨረሻ፣ «ሦስት እግር ነው ያለው።»

«አራት ነው!» አለ ጋሽ ቀለም። «የቤት ውሻ፣ በአራት እግሩ የቆመ፣ የታማኝነት ምልክት። ዘንድሮ ብቻ ሁለት ጊዜ አስተምሬዋለሁ!» ስላይዱን ነጥቆ ወደ ብርሃኑ አነሳ። ቆጠረ። ዓይኑን ጠራርጎ እንደገና ቆጠረ። ሦስት። አራተኛውን ሠዓሊው ረስቶታል፤ እሱም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እየሞላለት ኖሯል።

ልጁ ቀይ እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት።

«እዚህስ፣ መምህር፣ ዜሮው ለማን ነው የሚሰጠው?»