ማሪቱ ተረኛ የሆነች ቀን

"በጉ የት ደረሰ ነው የምልሽ!" ማሪቱ ስልኩ ላይ ጮኸች።

"ኧረ እማዬ፣ ዓለም ገና ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ጎማ ይቃጠላል" አለች ልጇ ሩቲ። "ባጃጅ እንኳ የለም። በጉን የሸጡልን ኦቦ ነገሳ ግቢ ገብቼ ቁጭ ብያለሁ።"

"በይ እዚያው ሁኚ። እንዳትወጪ!"

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ከተሞች የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ሰንብቷል፤ ረብሻው ግን አልቀረም። ማሪቱ በዚህ መሐል ነው የማርያም ማኅበር ተረኛ የሆነችው። ድሮ በሰበታ ማኅበር ማለት ጸሎት፣ ዳቦና ጠላ ነበር። ከአዲስ አበባ ሰው ሲጎርፍ፣ ቪላው ሲበዛ፣ ድግሱም አብሮ አበጠ። ባለፈው ወር ተረፈች ድንኳን ተክላ፣ ሙክት አርዳ፣ ቢራ በሳጥን ደርድራ ነበር። "ሠርግ ነው እንዴ?" ብላ ያፌዘችው ማሪቱ ናት። በማግስቱ በግ ያዘዘችውም እሷው ናት።

ማኅበርተኞቹና ቄሱ በእግራቸው መጡ። ተረፈች ገና ከበሩ አፍንጫዋን አነሳች።

"ማሪትዬ፣ ምነው የወጥ ሽታ ጠፋ?"

"ሽታ ካማረሽ ጎማው ጋ ሂጂ!" አለች ማሪቱ። ወደ ቄሱ ዞረች። አፍራለች፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። "አባ፣ ያለኝ ዳቦና ጠላ ነው። የከፋው ካለ በሩ አልተቆለፈም።"

"ሌላ ምን ያስፈልጋል?" አሉ አባ። "ይልቅ ቁጭ በይ።"

"እኔ?"

"የምታማስይው ወጥ አለሽ?"

የላትም። ተረኛ ሆና ቁጭ ብላ አታውቅም። ጸሎቱ ሁልጊዜ በጓዳ በር፣ በድስትና በጭልፋ ኳኳታ መሐል ተቆራርጦ ነበር የሚደርሳት። ዛሬ ሳይቆራረጥ ሰማችው። ስንት ዓመት እመቤቴን "ቤቴ ግቢልኝ" ብላ እየጠራች፣ ስትገባላት እሷ ጓዳ ነበረች።

"ስለ እስረኛው ልጃችን ስለ ዱባለ" አሉ አባ።

ማሪቱ ደነገጠች። ዱባለ አጠገቧ የተቀመጠችው የደጊቱ ልጅ ነው። ደጊቱ ከወንዙ ማዶ በኪራይ ቤት የምትኖር ሴት ናት።

"መቼ ታሰረ?" ብላ አንሾካሾከች።

"ቆየ እኮ እማማ። ተማሪዎቹ የተሰለፉ ጊዜ ነው። ባለፈውም ወር ተጸልዮለታል። እናንተ ተረፈችን ልታግዙ ወጥ ቤት ነበራችሁ።"

ማሪቱ የደጊቱን እጅ ያዘች። ጸሎቱ እስኪያበቃ አልለቀቀችውም።

ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ዞረ። አባ ጽዋውን አንስተው "የሚቀጥለው ተረኛ ማነው?" አሉ። ደጊቱ ድግሱ ካበጠ ወዲህ ተራዋ በደረሰ ቁጥር "አሞኛል" እያለች ታሳልፍ ነበር። ዛሬ የቀረውን ዳቦ አየችና ብድግ አለች።

"ለእኔ ይስጡኝ፣ አባ። ዳቦ እንኳ አላጣም።"

"ገለቶማ" ብላ አመስግና ጽዋውን ተቀበለች፤ በነጠላዋም ሸፈነችው።

ይሄኔ ስልኩ ጮኸ። ሩቲ ናት፤ ድምጿ ቤቱን ሞላው።

"እማዬ፣ መንገዱ ተከፈተ! በጉን ባጃጅ ላይ ጭኜዋለሁ። ሰዉ እንዳይሄድ ያዢልኝ!"

"እሰይ!" አለች ተረፈች። "እኔ እኮ ማሪቱ እንደማታሳፍረን አውቃለሁ! ቢላዋው የታል?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ደጊቱ ብቻ አልሳቀችም። ጽዋውን የሸፈነውን ነጠላ ቀስ ብላ ገለጠችው፤ መልሳ የምታስቀምጥበት ቦታ የምትፈልግ ትመስል ነበር።

ማሪቱ አየቻት።

"ሩቲ፣ በጉን ለኦቦ ነገሳ መልሺላቸው።"

"እንዴ! ተረፈች ምን ትለናለች?"

"ተረፈች እዚሁ ናት፤ ዳቦዋን እየበላች ነው። አንቺ ባዶ እጅሽን ነይ" አለችና በነፃ እጇ የደጊቱን ነጠላ ጽዋው ላይ መልሳ አለበሰችው።